ለስላሳ ጡንቻን የሚያዘው ትሮፖኒን አይደለም

ባሕር ዳር ለጤና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ ሳስተምር፣ «የደም ሥር ጡንቻ እንዴት ይኮማተራል?» ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር «ካልሲየም ከትሮፖኒን ጋር ሲጣመር» የሚለው መልስ ይቀድማል። በዚህ መልስ በእጅጉ ሰልችቻለሁ። ትሮፖኒን በጡንቻ ቀጭን ክር ላይ የሚገኝ፣ ካልሲየምን የሚቀበል ፕሮቲን ነው፤ የተነገረውም የአጽም ጡንቻና የልብ ጡንቻ አሠራር ነው፤ የደም ሥር፣ የአንጀት፣ የማሕፀንና የአየር ቧንቧ ለስላሳ ጡንቻ በዚህ መንገድ አይሠራም።

በለስላሳ ጡንቻ ካልሲየምን የሚቀበለው ካልሞዱሊን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው። ካልሞዱሊን 4 የካልሲየም አየኖችን ይዞ ቅርጹን ሲለውጥ ማዮሲን ላይት ቼይን ካይኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ያነቃዋል፤ ኢንዛይሙም የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ከሆነው ከኤቲፒ የወሰደውን ፎስፌት በማዮሲን (የወፍራሙ ክር ፕሮቲን) አንገት ላይ ባለችው ትንሽ ሰንሰለት፣ በ19ኛው ቦታ ከሚገኘው ሴሪን ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋር ያያይዘዋል፤ ማዮሲን አክቲንን (የቀጭኑን ክር ፕሮቲን) አጥብቆ መጎተት የሚጀምረው ይህ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ስለዚህ መቆጣጠሪያው በአጽም ጡንቻ በቀጭኑ ክር ላይ ሲሆን፣ በለስላሳ ጡንቻ በዋናነት በወፍራሙ ክር፣ በማዮሲን ላይ ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ለስላሳ ጡንቻ በዝግታ የሚኮማተርበትን አንዱን ምክንያት ከእርምጃዎቹ ብዛት ራሱ ይደርስበታል።

በለስላሳ ጡንቻ ያሉት ካልዴስሞንና ካልፖኒን የተባሉ ፕሮቲኖች የትሮፖኒን ምትክ አይደሉም፤ ከአክቲን ጋር ተያይዘው ኩምትሪቱን የሚገቱ ረዳቶች ናቸው።

«ካልሲየም ሲቀንስ ጡንቻው ይላላል» የሚለውም ጎደሎ ነው። ፎስፌቱን ከማዮሲን ላይ የሚያነሣው ማዮሲን ፎስፋቴዝ የተባለ ኢንዛይም ሲሆን፣ ሮ ካይኔዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ይህን ሲያዳክመው ካልሲየም ሳይጨምር ውጥረቱ ሊጨምር ይችላል።

የትሮፖኒኑ ስሕተት ግን ከፈተና ክፍል ወጥቶ የታካሚ አልጋ ድረስ ይደርሳል። ከዘጌ የመጡ አንድ አዛውንት በላይኛው ሆዳቸው ሕመም ገብተው፣ የደማቸው የልብ ትሮፖኒን ከፍ ብሎ ሲገኝ አንድ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) «ከአንጀት ቁርጠት የመጣ ይሆናል» ብሎ ሊያልፈው ነበር፤ ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሲነሣ ግን የተጎዳው ልባቸው ነበር። አንጀት የሌለውን ፕሮቲን ወደ ደም ሊለቅ አይችልም። እባካችሁ፣ የላይኛው ሆድ ሕመም ያለበት ትልቅ ሰው ሲመጣ ኢሲጂውን አስቀድሙ፤ ትሮፖኒኑንም ከሰዓታት በኋላ ደግማችሁ ለኩ። የኩላሊት ሕመምና ከባድ ኢንፌክሽንም የልብ ትሮፖኒንን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ያን ጊዜም ቢሆን ፕሮቲኑ የሚወጣው ከልብ ጡንቻ ስለሆነ መጀመሪያ የሚመረመረው ልብ ነው።