ግቢ፦ የምንገባበት ቃል

አዳማ ላይ ቤት ሲፈልጉ ደላላው ስለ ክፍሉ ከማውራቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል። «ሙሉ ግቢ ነው ወይስ ከአከራይ ጋር?» ግቢ የሚለው ቃል ዛሬም ይህን ያህል ከባድ ነው።

ግቢ ማለት በአጥር ወይም በግንብ የተከለለ መሬት ነው። ቃሉ ግን ከአጥሩ አልመጣም። ሥሩ «ገባ» ነው። የግዕዙ «ገብአ» መግባትም መመለስም ማለት ነው። ግቢ እንግዲህ ሰው የሚገባበት፣ ሲመሽ የሚመለስበት ቦታ ነው። ለእኔ የቃሉ ውበት እዚህ ላይ ነው። ዙሪያውን የሚጠራው ሌላ ቃል ነው፤ ቅጥር፣ በግዕዙ ቅጽር። «ቅጥር ግቢ» ስንል ዙሪያውንም ውስጡንም አንድ ላይ ጠራን ማለት ነው።

ድሮ ግቢ ከተባለ የንጉሥ ነው። ጎንደር ያለው የፋሲል ግቢ 900 ሜትር ያህል በሚረዝም ግንብ ተከቧል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ውስጡ የአንድ ንጉሥ ቤት ብቻ አይደለም። ከፋሲል በኋላ የመጡትም የየራሳቸውን አሠርተውበታል። አዲስ አበባ ላይም ቤተ መንግሥቱ በአጭሩ «ግቢ» ይባል ነበር፤ የግቢ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤትም ነበር።

ቃሉ ከቤተ መንግሥት ወርዶ የሁላችንም ሆኗል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ፣ ግቢው ማለት ነው፣ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ መኖርም የተለመደ ነው። አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ አንድ የቆርቆሮ በር። ቡና ሲፈላ ጭሱ የሁሉንም ደጃፍ ያዳርሳል። «የግቢያችን ልጅ» ከዘመድ ብዙም አይርቅም።

ለወጣቱ ደግሞ ግቢ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ግቢ ገባሁ» ሲል አንዱን ሥር ሁለቴ መጥራቱ ነው። የኦርቶዶክስ ተማሪዎች «ግቢ ጉባኤ»ም እንዲሁ ነው፤ ጉባኤም የተገኘው ከዚያው ከገብአ ነውና።

የአዳማ ስም ራሱ «አዳሚ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል እንደመጣ ይነገራል። ቁልቋል ማለት ነው። ብሎኬትና ቆርቆሮ ሳይመጣ ቁልቋልና ቅንጭብ የግቢ አጥር ነበሩ። ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያፈሳሉ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ከብትም አይደፍራቸውም። ለአጥር ችግኝ ማፍላት አያስፈልግም። የቅንጭብ ቅርንጫፍ ተቆርጦ መሬት ላይ ይሰካል፣ ሥር ያወጣል።