«ኦፍላይን» ፎርም መሙያ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ፒዲኤፍ ፎርም እንዴት እንደሚሞላ በቪዲዮ ሲያስረዳ አየሁ። «በክሮም የተከፈተ ፎርም ላይ ምንም እንዳትጽፉ፤ የጻፋችሁት በሙሉ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል» አለ። መፍትሄ ብሎም አንድ ነጻ አፕ አስጫነ። አፑ ገና ሲከፈት ኢሜይል ጠየቀ። ፎርሙ ሲመረጥለት ደግሞ «በመጫን ላይ» የሚል ጽሑፍ ከነመቶኛው ብቅ አለ፤ 40፣ 75፣ 100። ሰውዬው ምንም አልመሰለውም። «አያችሁ፣ ይሄ ኦፍላይን ነው» ብሎ ቀጠለ።

ነገሩ ተገልብጧል። አትንኩት ያለው ክሮም ፎርሙን ከኮምፒውተሩ አላስወጣም። ተጠቀሙበት ያለው አፕ ነው ወደ ሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚገኝ የሌላ ሰው ኮምፒውተር፣ የላከው። ይህን ስህተት ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ዝም ብዬ አልፈው ነበር።

አማርኛችንም ትንሽ እጁ አለበት። አፕ እንጭናለን፣ ፋይል እንጭናለን፣ ቁልፍ እንጫናለን፣ ገጹም ሁልጊዜ «በመጫን ላይ» ነው። አህያም ይጫናል። ፋይሉ ወደ እኔ እየመጣ ነው ወይስ ከእኔ እየሄደ ነው? ዋናው ጥያቄ በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ይጠፋል።

ኦፍላይን መሙያ ማለት ፋይሉም፣ በላዩ ላይ የምትጽፉትም ከመሣሪያችሁ ሳይወጡ ሥራው የሚያልቅበት ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው። መስኮቱ የብሮውዘር ይሁን የአፕ፣ ለትርጉሙ ለውጥ አያመጣም።

የልብስ ሰፊ ምሳሌ ልውሰድ። ጨርቃችሁን ይዛችሁ ሰፊው ሱቅ ከሄዳችሁ ኦንላይን ነው። ሰፊው መቀሱንና ሜትሩን ይዞ እቤታችሁ ከመጣ ኦፍላይን ነው። ሰው የሚሳሳተው የሰፊውን አለባበስ እያየ ስለሚፈርድ ነው። መጠየቅ ያለበት ጨርቁ የት አደረ ተብሎ ነው።

ወደ ብሮውዘሩ እንመለስ። ክሮም ውስጥ ፒዲኤፊየም የሚባል ፒዲኤፍ አንባቢ አብሮ ተገጥሟል። ፋየርፎክስ ደግሞ ፒዲኤፍ ጄኤስ የሚባል የራሱ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከብሮውዘሩ ጋር አብሮ ይመጣል። ሁለቱም የሚሠሩት እናንተው ኮምፒውተር ላይ ነው። ዴስክቶፓችሁ ላይ ያለን ፎርም በብሮውዘር ክፈቱና የአድራሻውን መስመር እዩ። «ፋይል» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ይጀምራል። አሁን ዋይፋዩን አጥፉና ስማችሁን ጻፉበት። ያለ ችግር ይጻፋል። ይህ ሰፊ ድሮውንም እናንተ ቤት ነው የሚኖረው።

ፎርሙን ቀጥታ ከአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ብትከፍቱትስ? ባዶው ፎርም ወደ እናንተ ወርዷል። ከዚያ በኋላ የምትጽፉት እናንተው ጋ ነው። ፎርሙ ውስጥ «ላክ» የሚል ቁልፍ ከተሠራለት ግን ቁልፉን ስትጫኑ መልሱ ይላካል፤ የተሠራውም ለዚያው ነው።

እኔ በክሮም ስሞላ የምፈራው ስርቆቱን አይደለም፤ መጥፋቱን ነው። ሦስት ገጽ ሞልቶ፣ ታቡን ዘግቶ፣ በማግስቱ ባዶ ፎርም ያገኘ ሰው ስንቱን አይቻለሁ። የማውረጃ ምልክቱን ስትነኩ ክሮም ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል፤ ከነለውጡ ወይስ ያለ ለውጡ። ሰው ሳያነብ ሁለተኛውን ይነካና «ክሮም አይሠራም» ይላል።

የተገላቢጦሹ ስህተት «ጭኜዋለሁ፣ ስለዚህ ኦፍላይን ነው» የሚለው ነው። ስልክ ላይ ይሄ ይብሳል። ብዙ ነጻ አፕ ውስጡ ሲታይ የአፕ ምልክት የለበሰ ድረ ገጽ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ሰርቨር ላይ ነው። ሰፊው እቤታችሁ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ጨርቁን ይዞ ሱቁ ይሄዳል እንደማለት ነው። በእውነት እቤት የሚሰፉም አሉ። ማክ ላይ ያለው ፕሪቪው፣ ሊኑክስ ላይ የሚታወቀው ኦኩላር፣ ነጻው አክሮባት ሪደር ያለ ኢንተርኔት ይሞላሉ። ሞልታችሁ ስታስቀምጡ ግን ወዴት እንደሆነ እዩ። አፑ ኦፍላይን ሆኖ ፎልደሩ ራሱ ያለውን ሁሉ ወደ ክላውድ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ፣ የሚገለብጥ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሰፊው ጨዋ ነው፣ ቁም ሳጥናችሁ ግን የጀርባ በር አለው።

ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ይበልጥ ያምታታል። ድረ ገጽ ነው፣ ግን ኦፍላይን ይሞላል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ዌብአሴምብሊ የሚባለውን ይደግፋሉ። በእሱ አማካይነት ከባድ ፕሮግራም ገጹ ውስጥ ገብቶ እናንተው ማሽን ላይ ይሠራል። ሰፊው ከሱቅ ይመጣል፣ ጨርቁ ግን ከቤት አይወጣም። በዓይን መለየት አይቻልም። መፈተሽ ግን ይቻላል። ገጹን ክፈቱ፣ ኢንተርኔቱን አጥፉ፣ ከዚያ ፎርሙን ምረጡና ሙሉ። ሞልታችሁ ማስቀመጥ ከቻላችሁ ሥራው ያለቀው እናንተ ጋ ነው። «መስመር የለም» ብሎ ከቆመ መልሱ ታወቀ።

ሙያዬ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። ይህ ፈተና ፎርሙ ሰርቨር ሳይነካ ሊሞላ እንደሚችል ያሳያል እንጂ፣ መስመሩ ሲመለስ ገጹ ምንም እንደማይልክ አያረጋግጥም። ስለዚህ ኢንተርኔቱን ከመክፈታችሁ በፊት ታቡን ዝጉ። ከዚህ በላይ ማወቅ የፈለገ ኮምፒውተር ላይ ኤፍ12ን ተጭኖ የኔትወርኩን ክፍል ከፍቶ ምን እንደሚወጣ መመልከት ይችላል። አብዛኛው ሰው ይህን አያደርግም፤ አልፈርድበትም።

«ግን እኮ ድረ ገጹ አድራሻው አጠገብ የተቆለፈ ቁልፍ ምልክት አለው» የሚለኝ አለ። ያ ምልክት መንገዱን ነው የሚመለከተው። ጨርቁ በተቆለፈ ሻንጣ ወደ ሱቅ ሄደ ማለት ነው። ሱቁ ሲደርስ ሻንጣውን የሚከፍተው ሰፊው ራሱ ነው። አጭበርባሪ ሰፊም ሻንጣ መቆለፍ ይችላል። «ፋይልዎን ከአንድ ሰዓት በኋላ እናጠፋለን» የሚለውም ቢሆን ብዙዎቹ እውነታቸውን ይሆናል። እናንተ ግን ከውጭ ሆናችሁ ማረጋገጫ የላችሁም። ቃላቸውን ነው የምታምኑት። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ የዴንቨር ቢሮ ነጻ የፋይል መቀየሪያ መስለው የሚሠሩ አጭበርባሪ ገጾች ቫይረስ እንደሚያስገቡና ከተሰጣቸው ፋይል የግል መረጃ ሊለቅሙ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው ስለ መቀየሪያ ነው፤ አሠራሩ ግን ለመሙያም ያው ነው፤ ፋይል ስጡኝ፣ ፋይል ልስጣችሁ።

ታዲያ ኦንላይኑን እንተወው? ኧረ አይደለም። ለስልጠና መመዝገቢያ፣ ለአስተያየት መስጫ፣ ስምና ቀን ብቻ ለሚጠይቅ ፎርም ኦንላይኑ ፈጣን ነው፤ ምንም አያስጭንም። የፓስፖርት ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሕክምና ታሪክ ወይም የፊርማችሁ ምስል ያለበትን ግን እኔ ወደ ሰፊው ሱቅ አልወስድም። በተለይ ፊርማው ያሳስበኛል። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ ፊርማን ማን ይቀይራል?

ደግሞ ኦፍላይን ሁሉ ደህና አይደለም። የጋራ ኮምፒውተር ላይ ሞልታችሁ ከሄዳችሁ ፎርሙ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ሰው ይጠብቃል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ብዙ ሰው ያጠፋው ነገር በእርግጥ የጠፋ ይመስለዋል፤ እሱ ላይ ልቆይ። ፒዲኤፍ ሲቀመጥ አሮጌውን ሳይነካ አዲሱን ከሥር የመጨመር ልማድ አለው። የተሳሳተ ቁጥር ጽፋችሁ አስቀመጣችሁ፣ ከዚያ አርማችሁ እንደገና አስቀመጣችሁ እንበል። ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ ላየው ሰው የፋይሉ መጨረሻ ምልክት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ከመጀመሪያው ምልክት በፊት ያ አሮጌ ቁጥር አለ። ሁሉም ፕሮግራም እንዲህ አያስቀምጥም፤ ብዙዎቹ ግን ያደርጉታል። ነገሩ ጉድለት አይደለም። ዲጂታል ፊርማ (የፊርማ ምስል ሳይሆን ሰነዱ እንዳልተነካካ የሚያረጋግጥ ኮድ) ያለበት ሰነድ ፊርማው ሳይፈርስ ሊሞላ የሚችለው በዚሁ አሠራር ነው። ለምስጢር ግን አይመችም። ሞልታችሁ ስትጨርሱ ፕሪንት ብላችሁ በወረቀት ፈንታ «እንደ ፒዲኤፍ አስቀምጥ» ብትመርጡ አሮጌው አብሮ አይሄድም። የመሙያ ሳጥኖቹም አብረው ይጠፋሉ፤ ተቀባዩ የሚሞላው ክፍል ካለው ይቆጣል። በዲጂታል የተፈረመ ከሆነም ይህን አታድርጉ፤ ፊርማው ይጠፋል።

ስለ ሳጥን ካነሳን፣ ሳጥን የሌለው ፎርምም አለ። ስካን የተደረገ ወረቀት ፎቶ ነው። ብትነኩት ምንም አይፈጠርም። እሱን ለመሙላት በላዩ ጽሑፍ የሚለጥፍ መሣሪያ ያስፈልጋል። አክሮባት ሪደር ይህን ያደርጋል፤ ፋየርፎክስም እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ያደርጋል። ሰው «ክሮም እምቢ አለኝ» ብሎ ወደ ኦንላይኑ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሲከፈት «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል የእንግሊዝኛ ገጽ ብቻ ከታያችሁ ደግሞ አትጠብቁ። ፎርሙ ኤክስኤፍኤ በሚባለው የድሮ አሠራር የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ በአክሮባት ሪደር ሞክሩት።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ፎርም ሳጥኑ ሲሠራ ሄልቬቲካ የሚባለው ፎንት ተመድቦለታል። ሄልቬቲካ ግዕዝ አያውቅም። በአማርኛ ስትጽፉ ስማችሁ ይታያችኋል፤ ፒዲኤፍ አንባቢው ከሌላ ፎንት ተበድሮ ነው የሚያሳያችሁ። ስታስቀምጡ ብድሩ አብሮ ላይሄድ ይችላል። አንዴ ለአንድ ቢሮ በጥንቃቄ የሞላሁትን ፎርም ላክሁ። «ባዶ ነው የላክኸው» የሚል መልስ መጣ። እኔ ጋ ሙሉ ነው፣ እነሱ ጋ ባዶ ነው። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ጽሑፉ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ የሚታይበት መልክ ግን አልተቀመጠም። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ የሞላሁትን ከመላኬ በፊት በሌላ አንባቢ ከፍቼ አያለሁ። ኮምፒውተር ላይ ከሞላሁ ስልክ ላይ፣ በፋየርፎክስ ከሞላሁ በክሮም።