የድሮ ፊልምን በቤት ውስጥ በተሠራ ስካነር ወደ ዲጂታል ስለ መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የ8 ወይም የ16 ሚሊሜትር ፊልም ጥቅል በእጃቸው ያለ ሰዎች ስካነሩን ራሳቸው ለመሥራት ሲነሡ ከጅምሩ የሚያሳስቷቸው አመለካከቶች አሉ። አብዛኞቹ የሚመነጩት ካሜራውን የሥራው ዋና አድርጎ ከማየት ነው፤ ውጤቱን በይበልጥ የሚወስነው ግን ፊልሙ እንዴት እንደሚንቀሳቀስና በምን ዓይነት ብርሃን እንደሚታይ ነው።

«በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ እያሳዩ በቪዲዮ መቅረጽም ያው ነው።»

ያው አይደለም። ድምፅ አልባ የሱፐር 8 ፊልም (አንዱ የ8 ሚሊሜትር ፊልም ዓይነት) አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 18 ፍሬም፣ ማለትም 18 ነጠላ ምስል፣ የሚታይ ሲሆን የቪዲዮ ካሜራ የሚቀርጸው 25 ወይም 30 ስለሆነ፣ ሁለቱ ሳይገጥሙ ቀርተው ምስሉ ይርገበገባል። የፕሮጀክተሩ መስኮትም የፍሬሙን ጠርዝ ይሸፍናል፤ በጨለማው ክፍል ውስጥ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ደግሞ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። ስካነር ግን እያንዳንዱን ፍሬም በቀጥታ ከፊልሙ ላይ ለብቻው ፎቶ ያነሣል።

«ስካነሩ ፊልሙ በሚታይበት ፍጥነት መሥራት አለበት።»

የ50 ጫማ (15 ሜትር ገደማ) የሱፐር 8 ጥቅል 3,600 ያህል ፍሬሞች አሉት። በሴኮንድ 18 ፍሬም ሲታይ 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይፈጃል፤ በሴኮንድ አንድ ፍሬም ብቻ ቢነሣ ደግሞ አንድ ሰዓት ይወስዳል። በዚህ ዝግታ የሚጎድል ነገር የለም፣ ምክንያቱም የማሳያው ፍጥነት የሚወሰነው ፍሬሞቹ በኮምፒዩተር ወደ ቪዲዮ ሲቀናበሩ ነው።

«ፒክስሉ የበዛ ካሜራ ከተገኘ ሥራው አለቀ።»

የሱፐር 8 ፍሬም ስፋቱ ከ6 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ይህን የሚያህል ነገር እስከ ጥጉ ድረስ አጥርቶ የሚያሳይ ሌንስ ከሌለ፣ የፒክስሉ ብዛት ብዥታውን በትልቁ ከመመዝገብ አያልፍም። ስለዚህ ከፎቶ ማጠቢያ ክፍል የተገኘ የማጉያ ሌንስ መጠነኛ ካሜራ ላይ ቢገጠም፣ ውድ ካሜራ ከተራ ሌንስ ጋር ከሚሰጠው የተሻለ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ትኩረቱ ሲስተካከል መታየት ያለበትም በምስሉ ውስጥ ያለው ሰው ፊት አይደለም፤ ፊቱ መጀመሪያ ሲቀረጽ ደብዝዞ ሊሆን ይችላልና፣ የፊልሙ ቅንጣቶች አንድ በአንድ ተለይተው እስኪታዩ ድረስ ሌንሱን በቀስታ ማንቀሳቀስ ይገባል።

«የድሮው ፕሮጀክተር አምፖል ለስካነሩም ይበቃል።»

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የፕሮጀክተር አምፖል ከፍተኛ ሙቀት ያመነጫል፤ ፊልሙ አንድ ቦታ ላይ በቆመ ቅጽበት ፍሬሙ ሊቀልጥ ይችላል፣ ስካነር ደግሞ ሥራው እያቆሙ ማንሣት ነው። ተመራጩ ነጭ ኤልኢዲ ቢሆንም ማንኛውም ኤልኢዲ አይሆንም፤ ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ የቀዩ ብርሃን ድርሻ ስለሚያንሰው የሰውን የቆዳ ቀለም ያበላሻል። በብርሃኑና በፊልሙ መካከል ብርሃን የሚበትን ነጭ ፕላስቲክ ሲገባ ቀላል ጭረቶች ይደበዝዛሉ። የኤልኢዲው ድምቀት በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት የሚቀነስ ከሆነ በፍሬሞቹ መካከል የብርሃን ልዩነት ሊፈጠር ስለሚችል፣ የማይዋዥቅ ኤሌክትሪክ መስጠት ይሻላል። የካሜራው አውቶማቲክ የብርሃንና የቀለም ማስተካከያም መዘጋት አለበት፤ አለበለዚያ እያንዳንዱ ፍሬም የተለያየ ድምቀት ይዞ ይወጣል።

«ፊልሙን በጠርዙ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል የሚስብ ጥርስ የግድ ያስፈልጋል።»

ፊልም ሲያረጅ ይኮማተራል፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀትም አብሮ ያጥራል። ለአዲስ ፊልም የተሠራው ጥርስ ወደ ቀዳዳው በትክክል መግባት ሲያቅተው ጠርዙን ይቀድዳል። በስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ እየቆመ በሚዞር ሞተር) የሚዞር ጎማ የለበሰ ዘንግ ፊልሙን ያለ ጥርስ በለሆሳስ ሊስበው ይችላል፤ ፍሬሞቹ ትንሽ ወጣ ገባ ቢሉም ሶፍትዌር የቀዳዳውን ቦታ እየለየ ያስተካክላቸዋል። ለዚህም ካሜራው ከምስሉ ጋር ቀዳዳውን ጭምር እንዲያነሣ አድርጎ መግጠም ነው።

«የድሮ ፊልም ሁሉ በቀላሉ ይቀጣጠላል።»

አደገኛው የናይትሬት ፊልም ሲሆን የሚገኘውም በዋናነት ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በፊት በተሠሩ የ35 ሚሊሜትር ፊልሞች ነው። ሲቃጠል ኦክስጅን ከራሱ ስለሚያወጣ በቀላሉ አይጠፋምና፣ እንዲህ ያለው ፊልም ቤት ውስጥ በተሠራ ስካነር ላይ ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ለባለሙያ ይሰጥ። ለቤተሰብ ቀረጻ የዋሉት የ8 እና የ16 ሚሊሜትር ፊልሞች ግን በአብዛኛው አሲቴት ከሚባል፣ እንደ ናይትሬት በቀላሉ ከማይቀጣጠል ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። የእነሱ ጠላት ሌላ ነው፤ አሲቴት ሲበሰብስ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ይጣመማል፣ ይኮማተራል። ይህ ሽታ ያለው ጥቅል ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከሁሉም በፊት ስካን የሚደረገውም እሱ ነው።

«ስካን ከተደረገ በኋላ ፊልሙን መጣል ይቻላል።»

አይቻልም። የተሻለ ካሜራና ብርሃን ሲገኝ እንደገና ማንሣት የሚቻለው ዋናው ፊልም ካለ ብቻ ነው። ፊልሙ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ የተነሡት ፍሬሞችም ከተቀናበረው ቪዲዮ ሌላ ሳይጨመቁ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ይያዙ።