«ቆራጥ ከሆነ ዛሬውኑ ይተዋል»፦ ጅማ ላይ መጠጥ ስለማቆም የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ መጠጥ መተው የፈለገ ሰው መካሪ አያጣም። አብሮት የሚቅም ጓደኛው አንድ ይለዋል፣ የሰፈር ሽማግሌ ሌላ፣ የመድኃኒት ቤት ሻጭ ደግሞ ሌላ። አብዛኛው ምክር ከቅንነት የሚመጣ ነው፤ ጥቂቱ ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከሚገድለው እንጀምራለን።

«ቆራጥ ከሆነ ዛሬውኑ ይተዋል»

በሳምንት አንድ ሁለት ቀን የሚጠጣ ሰው ዛሬ ቢተው ምንም አይሆንም። ለወራትና ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎልም ድንዛዜውን ተቋቁሞ ለመሥራት ራሱን ከልኩ በላይ ማነቃቃት ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቀር ድንዛዜው ይነሳና ያ ከልክ ያለፈ መነቃቃት ብቻውን ይቀራል። እጅ የሚንቀጠቀጠው፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ ልብ የሚደልቀው ለዚህ ነው። ወኔ የሌለው ስለሆነ አይደለም፤ ወኔ ያለውም ይንቀጠቀጣል።

ሕመሙ የራሱ ጊዜ አለው። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ የሚጥል መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። በተለይ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ከባድ የማቋረጥ ሕመም ሊከሰት ይችላል፦ ሰውየው ያለበትን ቦታና ቀኑን ይስታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያተኩሳል፣ የደም ግፊቱ ይወጣል። ይህ ሳይታከም ሲቀር ይገድላል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው «ሁለት ቀን አለፈው፣ ተረፈ» ብሎ በሁለተኛው ማታ ብቻውን ሲተወው ነው።

ቤት ውስጥ ብቻውን መሞከር የሌለበት ሰው አለ። ከዚህ በፊት ሲያቆም የወደቀ ወይም የቃዠ፣ ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ ሳይጠጣ እጁ የማይረጋለት፣ የልብ፣ የጉበት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ አብሮት የሚያድር ሰው የሌለው፦ እነዚህ ሆስፒታል ተኝተው ነው ማቆም ያለባቸው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ እዚያ መሄድ «አበደ» ማለት አይደለም። ሌላው ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይቶ ቤቱ ሆኖ ማቆም ይችል ይሆናል፤ ያኔም ቢሆን ቢያንስ ለ5 ቀን ቀንና ሌሊት የማይለየው፣ የማይጠጣ ሰው ከጎኑ ያስፈልገዋል። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ አንጎልን የሚያረጋጋውን ዲያዜፓም ያዛል፤ መጠኑ በየቀኑ እየተቀነሰ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ያልቃል። መድኃኒቱን የሚይዘው አስታማሚው ነው እንጂ ታማሚው አይደለም። ዲያዜፓም ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላልና ከመድኃኒት ቤት በራስ ገዝቶ መዋጥ ፈጽሞ አይገባም።

ዛሬ ሐኪም ማግኘት ያልቻለ፣ ሳይጠጣ የሚንቀጠቀጥ ሰው በድንገት ከማቋረጥ ይልቅ ሕክምና እስኪያገኝ ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻለዋል። በየአራት ቀኑ ከመጠኑ አንድ አሥረኛ ያህል መቀነስ፣ መንቀጥቀጡ ከጀመረም መቀነሱን ገታ ማድረግ ነው።

ጾም ሲገባ ይህ ነገር ይበረታል። ዓመቱን ሙሉ በድብቅ ሲጠጣ የከረመ ሰው የረመዳን የመጀመሪያ ቀን ላይ መጠጡን ያቆምና ውሃም ሳይጠጣ ይውላል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይወድቃል። በዐቢይ ጾም መግቢያም እንዲሁ። የማቆም ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሕክምናው ግን ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ ለሙስሊሙ ሻዕባን ላይ፣ ማለቅ አለበት። ስሙ እንዳይነሳ የሚፈራ ሰው ለሐኪም መናገሩ የሐኪም ምስጢር መሆኑን ቤተሰብ ይንገረው። ደብቆ የመጣ ሰው ነው ዘግይቶ የሚደርሰው።

«ወባ ይዞት ነው» ወይም «መንፈስ ነው»

ጅማ ዙሪያ ወባ አለ። ስለዚህ የሚያተኩሰው፣ የሚያልበው፣ የሚንቀጠቀጠውና የሚቃዠው ሰው የወባ ወይም የታይፎይድ መድኃኒት ተገዝቶለት ቤት ይተኛል። የደም ምርመራ ማድረግ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ለመርማሪው «ከሦስት ቀን በፊት መጠጥ አቁሟል» አለመባሉ ነው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሕክምናውን በሙሉ ትቀይራለች። ሁለቱም በአንድ ላይ ሊኖሩ እንደሚችሉም አይዘንጋ።

ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲሄዱ የሚያይ ሰው ወደ ጸበል ወይም ወደ ሼህ ቤት ሲወሰድም እናያለን። እምነቱን ማንም አይቃወምም፤ ሰውን ለዓመታት ከመጠጥ ያራቀው እምነቱ የሆነበት ብዙ ነው። የምንለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ቃዥቶ፣ ወድቆ ወይም አተኩሶት ያለ ሰው መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል ይግባ። አስሮ ማስቀመጥ፣ ምግብና ውሃ መከልከል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ መድፈቅ በእነዚያ አራት ቀናት ሕይወት ያሳጣል።

«ግሉኮስ ይሰቀልለትና ይበረታል»

ብዙ የሚጠጣ ሰው ምግብ አይበላም፣ የበላውም በደንብ አይመጠጥለትም፤ በተለይ ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ያልቅበታል። ሰውነት ስኳርን ወደ ጉልበት የሚቀይረው በቲያሚን ነው። ባዶ በሆነ ሰውነት ላይ ግሉኮስ ብቻ ሲንቆረቆር የቀረችውም ቲያሚን ተሟጣ ትሄዳለች፤ አንጎልም ይጎዳል። ምልክቱ ሦስት ነው፦ መደናገር፣ ዓይን በትክክል አለመንቀሳቀስ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ። ሦስቱ አንድ ላይ ላይታዩ ይችላሉ፤ አንዱም ያሰጋል። መንገዳገዱ «ስካሩ ገና አልለቀቀውም» ተብሎ ስለሚታለፍ ጊዜ ይባክናል፣ የተጎዳው የማስታወስ ችሎታም ሳይመለስ ይቀራል።

ስለዚህ ግሉኮስ የሚሰቀል ከሆነ ቲያሚን ከሱ በፊት ወይም አብሮ መሰጠቱን አስታማሚው ይጠይቅ። በጣም የከሳ ወይም የተደናገረ ሰው በመርፌ ያስፈልገዋል፤ ለሌላው የተለመደው በአፍ በቀን 100 ሚሊግራም ቢያንስ ለ5 ቀን ነው። ውሃ እያስመለሰው ለደከመው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦአርኤስ በየጥቂቱ ይረዳል። ምግቡም በአንዴ እንዳይጫን፦ አጥሚት፣ በሶ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ በትንሽ በትንሹ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ ሽሮና እንቁላል። ቅቤ የበዛበት ወጥ በመጀመሪያው ሳምንት ሆድ አይችለውም።

«መጠጡን እተዋለሁ፣ ጫቱ ምን አደረገኝ?»

ሌላ አገር የተጻፈ ምክር ጅማ ላይ የማይሠራው እዚህ ላይ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ሲቅም የዋለ ሰው ማታ ላይ ምርቃናው ስለማይለቀው ጨብሲ ይገባል። ጨብሲ የሚጠጣው ለደስታ ብቻ አይደለም፤ የጫቱን ንቃት ለመስበርና ለመተኛት ነው። በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊት ያወጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ስለዚህ ሰውየው በባዶ ሆዱ ይጠጣል፤ ንቃቱም ስካሩን ስለሚደብቅበት ሌላ ጊዜ በሦስት ጠርሙስ የሚበቃው በስድስትም አይረካም። ጫቱን ይዞ መጠጡን ብቻ ልተው ያለ ሰው በየማታው ዓይኑን አፍጥጦ ያድራል፣ በሳምንቱም ይመለሳል።

ከዚህ በላይ ግን የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ላይ መቃም አደጋ ነው። መጠጥ ሲቀር አንጎል በራሱ ከልክ በላይ ነቅቷል፤ ጫት ሲጨመርበት ልብና ግፊቱ ይብሳል፣ የመውደቅ ዕድሉም ይጨምራል። ጫት ማቆም በበኩሉ ድካም፣ ድብርት፣ ብዙ እንቅልፍና መጥፎ ሕልም ያመጣል፤ እንደ መጠጡ ግን በመንፈራገጥ አይጥልም። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ መተው ይሻላል። ጫቱን ገና ያልቆረጠ ሰውም ቢሆን ከአምስቱ ቀናት በኋላ መጠኑን ይቀንስ፣ ሰዓቱን ወደ ረፋድ ያምጣው፣ ከሰዓት በኋላ አይያዝ።

የሚሸነፈው ከማታ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ለዚያ ሰዓት አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠግቦ መብላት የመጠጥ ፍላጎትን በሚያስገርም ሁኔታ ይቀንሳል። በግሮሰሪው በኩል የሚያልፈውን መንገድ መቀየር፣ የተሰበሰቡበት ቤት አለመግባት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጅሬን ዳገት ወይም ሌላ አቅጣጫ አንድ ሰዓት መራመድ። ቡናም ከሰዓት በኋላ ይቅር፤ ጅማ ላይ ይህን ማለት ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፣ ግን ሦስተኛው ስኒ እንቅልፍ የነሳው ሰው የሚያስበው መለኪያውን ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ገንዘብ እጅ ሲገባ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የጸና ሰው ይፈተናል። ያን ሰሞን ገንዘቡ በሚታመን ሰው በኩል ወይም በቀጥታ ባንክ ይግባ።

«እኔ ቢራ እንጂ መጠጥ አልጠጣም»

አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። አንድ 50 ሚሊ ሊትር መለኪያ 40 በመቶ አረቄ 16 ግራም ይይዛል። አምስት ቢራ ማለት አራት መለኪያ አረቄ ማለት ነው። የቤት ጠጅ ጥንካሬው ቢለያይም 10 በመቶ የሆነ ጠጅ 330 ሚሊ ሊትሩ 26 ግራም ነው፣ ሁለት ቢራ። ማር መሆኑ ለጉበት አይቆጠርለትም። ማሩን የወደደ ሰው ያልፈላ ብርዝ ይጠጣ።

«ሳያውቅ ወጡ ውስጥ መድኃኒት ይጨመርለት»

ሚስትና እናት ከጭንቀት የሚያደርጉት ነው። ዳይሰልፊራም የሚባለው እንክብል የሚዋጥ ሰው ከጠጣ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል፣ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። የልብ ሕመም ያለበትን ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ የሚሠራው ሰውየው አውቆ፣ ፈቅዶ፣ ተመርምሮና ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ቆይቶ ሲጀምረው ነው፤ ካቆመውም በኋላ እስከ 14 ቀን ድረስ መጠጥ ያጣላዋል። በድብቅ ሲሰጠው ግን የመታውን ስለማያውቅ ለሐኪምም አይናገርም። ባወቀ ቀን ደግሞ በዚያ ቤት ምግብ አይበላም።

«ጉበቴ አንዴ ሄዷል» እና «አንድ ወር አቆምኩ፣ ጸድቷል»

ሁለቱም አይደለም። ጉበት ላይ የተከማቸ ስብ መጠጥ ከቆመ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ሊለቅ ይችላል፤ ከፍ ያለ የደም ግፊትም በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ከጠጠረ (ሲሮሲስ) ግን እንደ በፊቱ አይሆንም፤ ሆኖም የሚያቆም ሰው ከማያቆመው ረጅም ዕድሜ ይኖራል። የአንድ ወር ጥሩ ውጤት ፈቃድ ተደርጎ ሲወሰድ ግን ስቡ እንደገና ይመለሳል። እንቅልፍ ከሁሉም ዘግይቶ ይስተካከላል፣ ወራት ይወስዳል፤ ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው አይደነግጥም።

ሲመረመሩ የጉበት ምርመራ ብቻ ሳይሆን ሄፓታይተስ ቢ እና ሲም ይታዩ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ተጨምቆ እንዳይሰጠው፤ የደከመ ጉበት የማያውቀውን ቅጠል ማጣራት አይችልም። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ከአራት ባለ 500 ሚሊግራም እንክብል አይብለጥ፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ያደማሉና ይቅሩ። ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ሆድ በውሃ መነፋት የነገ ቀጠሮ አይጠብቅም።

«አንዴ ከጠጣ አለቀለት»

ከሦስት ወር በኋላ ሠርግ ላይ የጠጣ ሰው ሦስት ወሩ አልጠፋበትም። የዳነው ጉበቱ፣ የተመለሰው ገንዘቡና ማታውን ያለ መጠጥ ማሳለፍ መማሩ ሁሉ አለ። የሚጎዳው «አንዴ ተበላሽቷል» ብሎ ሳምንቱን መጨረሱ ነው። በማግስቱ በቂ ውሃ፣ ምግብና እንቅልፍ ይውሰድ፣ ለሚያምነው አንድ ሰው ይናገር፣ ሠርጉ ላይ ከየትኛው ሰዓት በፊት መውጣት እንደነበረበት አብረው ይዩ። መጠጡ ለተከታታይ ቀናት ከቀጠለ ግን ባለፈው ቤት ውስጥ በቀላሉ ስላለፈ አሁንም ያልፋል ብሎ አይገመት። የማቋረጥ ሕመም በተደጋገመ ቁጥር ይከፋል፤ በመጀመሪያው ጊዜ እጁ ብቻ የተንቀጠቀጠበት ሰው በሦስተኛው ሊወድቅ ይችላልና ከማቆሙ በፊት ተመልሶ ጤና ጣቢያ ይታይ።