ኮሜንታተር፣ አትሌት እና እንግሊዝኛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጎንደር ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች መቀመጫ አይገኝባቸውም። ጨዋታው ሲያልቅ ክርክሩ የሚቀጥለው ስለ ግቡና ስለ ዳኛው ብቻ አይደለም። «ይህ ኮሜንታተር የሚናገረው ምን ዓይነት እንግሊዝኛ ነው?» የሚል አይጠፋም። አንዱ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ሩጫ ጨርሳ በእንግሊዝኛ የተጠየቀች አትሌት ስትደናቀፍ ያሳያል፤ ዙሪያው ይስቃል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለማስተምር፣ ኳስም ስለማይቀርብኝ፣ እንዲህ ያለውን ወሬ ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ። አብዛኛው የተሳሳተ ነው። የተሳሳተበት ምክንያት ግን እንዲሁ የሚናቅ አይደለም፤ እንግሊዝኛን ያወቅነው በፈተና በኩል ስለሆነ በየትም ቦታ በፈተና ሚዛን እንመዝነዋለን።

«ትክክለኛው እንግሊዝኛ የቢቢሲው ነው፤ ሌላው የተበላሸ ነው»

ይህ አመለካከት ከየትም የመጣ አይደለም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ ንግግር እንግሊዝኛ የሚመክር ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። መጀመሪያ ባለቅኔው ሮበርት ብሪጅስ፣ ቀጥሎ ጸሐፌ ተውኔቱ ጆርጅ በርናርድ ሾው መርተውታል። ዓላማው አስተዋዋቂዎች አወዛጋቢ ቃላትን በአንድ ዓይነት አጠራር እንዲጠሩ ማድረግ ነበር። ኮሚቴው በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ሥራውን አቆመ። በ1941 የዮርክሻየሩ ዊልፍሬድ ፒክልስ በገዛ አገሩ ዘዬ ዜና ማንበብ ሲጀምር ግን የአድማጭ ቅሬታ ጎረፈ። እኛ ዛሬ የምንሰነዝረውን ወቀሳ እንግሊዞች ራሳቸው ከሰማንያ ዓመት በፊት ሰንዝረውታል ማለት ነው።

አሁን ነገሩ ተቀይሯል። በጨዋታ መሐል የሚተነትነው አሊ ማኮይስት ስኮትላንዳዊ ነው፤ ጄሚ ካራገር የሊቨርፑልን አካባቢ ዘዬ አልተወም። ከዚያ በፊትም በራግቢ ከሁሉ የተወደደው የቢቢሲ ድምፅ ከስኮትላንድ ድንበር ከተማ ከሃዊክ የመጣው ቢል ማክላረን ነበር። ካራገር ሲናገር ጎንደር ውስጥ «አይገባም» ቢባል እውነት ነው፤ ጆሯችን አልለመደውም። «አያውቅም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የጎጃም ሰው አማርኛ ከጎንደሬው አማርኛ ይለያል፤ ገበያ ላይ ቢያስቅ እንጂ ተሳሳተ የሚለው የለም።

«ኮሜንታተሮች ሰዋስው አይጠብቁም»

ይህን የሚሉት በአብዛኛው ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ኮሜንታተሩ «ሳላህ ሹትስ» (ሳላህ ይመታል) ሲል ተማሪው «አሁን እየተፈጸመ ላለ ድርጊት እንዲህ ያለው የግሥ ቅርጽ አይሆንም፤ ‹ኢዝ ሹቲንግ› (እየመታ ነው) ማለት ነበረበት» ይላል። በመማሪያ መጽሐፉ ልክ ነው። ነገር ግን ኳሷ ከእግር ወጥታ መረብ እስክትነካ ያለው ጊዜ ረጅሙን ቅርጽ ለመናገር አይበቃም፤ ድርጊቱም ሲጠራ አልቋል። ስለዚህ አጭሩ የአሁን ጊዜ ቅርጽ የሥራው ሕግ ሆነ። ባለቤትን መተው፣ ረዳት ግሥን መዋጥ፣ ቦታውን አስቀድሞ የተጫዋቹን ስም ወደ ኋላ መጣልም እንዲሁ ነው። ስሙ ወደ ኋላ የሚቀረው ተናጋሪው ኳሷን የያዘው ማን እንደሆነ ለይቶ እስኪያይ ጊዜ ስለሚያገኝበት ነው።

ይህን በሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ቻርልስ ፈርጉሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ የስፖርት አስተላላፊዎች ንግግር የራሱ የአረፍተ ነገር አሠራር ያለው የቋንቋ ዓይነት መሆኑን አሳይቷል። ፈርጉሰን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ በተካሄደው የቋንቋዎች ጥናት ከመሪዎቹ ምሁራን አንዱ ነበር። የአገራችንን ቋንቋዎች የዘረዘረ ሰው የኳስና የቤዝቦል አስተላላፊን ንግግር ለምርምር የሚበቃ አድርጎ ማየቱን ሳስብ፣ እኛ በአንድ ሳቅ የምናልፈው ነገር ትንሽ ከበድ ይልብኛል።

ሌላው ዘወትር የሚነሳው «አርሰናል አር» የሚለው ነው። አርሰናል አንድ ክለብ ሆኖ ሳለ ግሡ ለምን ይበዛል? በብሪታንያ እንግሊዝኛ ቡድንን እንደ ብዙ ሰዎች መቁጠር ትክክል ነው፤ በስፖርት ገጾችም የተለመደው እርሱ ነው። አሜሪካዊው «ኢዝ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከዚህ የሚከብደው ያመለጠ ዕድልን የሚናገሩበት መንገድ ነው። አጥቂው ስቶ ኳሷ ወጥታለች፤ ተንታኙ «ኢፍ ሂ ስኮርስ ዜር፣ ኢትስ ቱ ኒል» ይላል፤ እዚያ ላይ ቢያገባ ኖሮ ሁለት ለዜሮ ነበር ለማለት ነው። እኛ በክፍል ውስጥ ለዚህ ሦስተኛውን የሁኔታ አረፍተ ነገር፣ ረጅሙንና ተማሪ የሚፈራውን፣ እናስተምራለን። እግር ኳሰኞች ከእርሱ ጋር አይደክሙም፤ ያለፈውን ያልሆነ ነገር በአሁን ጊዜ ይናገሩታል፤ የሚሳሳት አድማጭም የለም።

ለተማሪዎቼ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህን በመግቢያ ፈተና ላይ አትጻፉት። ፈታኙ ኳስ አያይ ይሆናል።

ደግሞም የኮሜንታተር ሥራ መጀመሪያ የተለካው በሰዋስው አልነበረም። በብሪታንያ ሬዲዮ የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ በቀጥታ የተላለፈው እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1927 ነው፤ ከሃይበሪ፣ አርሰናል ከሸፊልድ ዩናይትድ፣ ተናጋሪው ቴዲ ዌክላም። አድማጩ ሜዳውን እንዲያይ ተብሎ በቁጥር በተከፈሉ አራት ማዕዘኖች የተሣለ የሜዳ ንድፍ በቢቢሲ የፕሮግራም መጽሔት ታትሞ ነበር፤ ሁለተኛ ሰው ከጎን ሆኖ ኳሷ ያለችበትን ቁጥር ይጠራል። መመዘኛው አንድ ነበር፤ ቤቱ የተቀመጠው ሰው ኳሷ የት እንዳለች ያውቃል ወይስ አያውቅም?

«ኳስ የሚያይ ሰው እንግሊዝኛ ይለምዳል»

ጥቂት ይለምዳል። ያውም ድምፁ ከተሰማ ነው፤ ሁለት መቶ ሰው በሚጮህበት ቤት ውስጥ ግን ኮሜንታተሩ አፉን ይከፍታል እንጂ አይሰማም። በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ጨዋታ ተናጋሪ ደግሞ ምስሉ ስላለ ብዙ ነገር ሳይናገር ያልፋል። ቋንቋ ለመልመድ የሬዲዮው ይሻላል፤ የቢቢሲ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ ቅዳሜ የሚያስተላልፈው የስፖርት ፕሮግራም ላይ ሰውየው ሁሉንም በቃል ለመሣል ይገደዳል። ያንኑ ጨዋታ ማታ በጽሑፍ ዘገባ ማንበብ ቢጨመርበት አንዱ ሌላውን ያግዛል። ነገር ግን ከኳስ ብቻ የለመደ ሰው ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ሲያወራ ቆይቶ ባንክ ቤት ሂሳብ መክፈት ሲያምረው ይቸገራል።

«እንግሊዝኛ የማይችል አትሌት ያሳፍረናል»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ከአርሲ የወጣ ሯጭ ብዙውን ጊዜ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛው፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛው ይሆናል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሦስቱንም ይናገራል። ሌላው ሁለት ይዞ ሦስተኛው ላይ ቢደናቀፍ፣ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ጋዜጠኛ ማይክሮፎን ስለዘረጋበት ማፈር የሚገባው ማን ነው?

ሰዓቱም መታወቅ አለበት። ጥያቄው የሚቀርበው መስመሩን ባለፈ በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ትንፋሹ አልተመለሰም፤ ላቡ አልደረቀም። ያን ጊዜ በገዛ ቋንቋቸው የሚመልሱ እንግሊዛውያን ተጫዋቾች የሚሉትን አዳምጡ፦ «ዋናው ሦስት ነጥብ ነው፤ ለቡድኑ ደስ ብሎኛል።» ቃል በቃል ያው ነው። ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን ከመገናኛ ብዙኃን ጋር እንዲህ እንዲነጋገሩ ያሠለጥኗቸዋል፤ ከአፍ ያመለጠ አንድ ቃል የሳምንት ዜና ስለሚሆን። አጭርና ተመሳሳይ መልስ የቋንቋ ድህነት ምልክት አይደለም።

እንግሊዝኛን ግዴታ ለማድረግ የሞከረም አልጠፋም። የአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 ተጫዋቾች የንግግር እንግሊዝኛ ምዘና እንዲያልፉ፣ ካላለፉም እንዲታገዱ የሚያደርግ ዕቅድ ይዞ ብቅ አለ። በውድድሩ ብዙ ደቡብ ኮሪያውያን ስለነበሩ ደንቡ እነርሱን ያነጣጠረ ነው ተባለ፤ ስፖንሰሮችና የሕግ ሰዎች ተቃወሙ፤ ማኅበሩ በሳምንታት ውስጥ ቅጣቱን አነሳ። ጎልፍ የሚመዘነው በምት ነው፤ ከምቱ በኋላ በሚሰጥ ቃለ ምልልስ አይደለም።

በእግር ኳስም አርጀንቲናዊው ማርሴሎ ቢየልሳ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2022 የእንግሊዙን ሊድስን ሲያሠለጥን ጋዜጣዊ መግለጫውን በአስተርጓሚ ይሰጥ ነበር፤ ክለቡን ከ16 ዓመት በኋላ ወደ ፕሪሚየር ሊግ የመለሰው እርሱ ነው። ሊዮኔል ሜሲ እ.ኤ.አ. በ2023 ለአሜሪካው ኢንተር ማያሚ ከፈረመ በኋላም በስፓኒሽ መናገሩን አልተወም። በእነዚህ የሳቀ አላየሁም። የእኛ ልጅ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ስትናገር ግን «አልተማረችም» እንላለን። በትልልቅ ውድድሮች አስተርጓሚ መጠየቅ የተለመደ ነው። የሚያሳስበኝ ይልቅ የአስተርጓሚው ጥራት ነው፤ አትሌቷ ስለ አሯሯጥ ስልቷ ለረጅም ጊዜ አብራርታ አስተርጓሚው «ደስ ብሏታል» ብሎ ሲጨርስ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ከሰባራ እንግሊዝኛ የበለጠ ይጎዳታል።

«ወደ ውጭ የሚሄድ ተጫዋች እንግሊዝኛ ከቻለ ይበቃዋል»

ካርታውን እንይ። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ፣ በቅጽል ስማቸው አፄዎቹ፣ በአህጉራዊ ውድድር ከታንዛኒያው አዛም፣ ከቱኒዚያው ሞናስቲር እና ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ተጫውቷል። የስዋሂሊ፣ የዓረብኛና የፈረንሳይኛ አገሮች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. አፄዎቹ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ ግብ ያስቆጥር የነበረው ሙጂብ ቃሲም ከዚያ የሄደው ወደ አልጄሪያው ካቢሊ ነው። ሽመልስ በቀለ ለዓመታት የተጫወተው በግብፅ ነው፤ ሳላዲን ሰይድም በግብፅና በአልጄሪያ ተጫውቷል። ለጎንደር ልጅ ዓረብኛ ሩቅ አይደለም፤ በመተማ መንገድ የሚነግዱ ሰዎች ገበያ ላይ የሚግባቡበት ነው። በከተማዋ ልጁን ኳስ ተጫዋች ለማድረግ የሚያስብ ወላጅ ሁሉ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ሲፈልግ አያለሁ፤ ዓረብኛ የጠየቀ አላጋጠመኝም።

እንግሊዝ ራሷስ? ለባለሙያ ስፖርተኛ ቪዛ ከ12 ወር በላይ ለመቆየት የሚጠየቀው የቋንቋ ደረጃ ኤ1 ነው፤ በአውሮፓ መለኪያ የመጀመሪያው እርከን። ራስን ማስተዋወቅ፣ ቀላል ጥያቄ መመለስ ነው። የእኛ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲከታተል ይጠበቅበታል። የትኛው እንደሚከብድ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

«ለዳኛ እንግሊዝኛ ምን ያደርግለታል?»

እዚህ ላይ እንግሊዝኛ በእርግጥ ያስፈልጋል። የእግር ኳስ ሕጎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ ሕጎቹን በተለያዩ ቋንቋዎች ቢያሳትምም፣ ልዩነት ሲፈጠር የሚጸናው የእንግሊዝኛው ቅጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ዳኞች መካከል የነበረው ባምላክ ተሰማ ከሌላ አህጉር ዳኞች ጋር የሠራው ያለ ቋንቋ አልነበረም። ዳኝነት የምትማሩ ወጣቶች፣ ተጫዋቾችን ትታችሁ እናንተ አጥኑ።

«እንግሊዝኛ የሚቀላቅል የአማርኛ ኮሜንታተር የበለጠ ያውቃል»

ጎል፣ ኮርነር፣ ፔናልቲ የሁላችንም ቃላት ሆነዋል፤ በእነርሱ ቅር የሚለው የለም። እኔን የሚያስከፋኝ በሙሉ አረፍተ ነገር ከእንግሊዝ ጣቢያ የተቀዳው ጩኸት ነው። ደምሴ ዳምጤ በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ ያስተላለፈውን ዛሬም የሚያስታውሱ አባቶች አሉ። ያን ቀን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ የነበረ ገበሬ ሁሉ የገባው አማርኛ ነው።

«ስማችንን በአባት የሚጠሩት ሳያውቁ ነው»

ያውቃሉ። የእንግሊዝኛ ስፖርት ዘገባ በመጨረሻው ስም የመጥራት ልማድ አለው፤ የእኛ የመጨረሻ ስም ደግሞ የአባት ስም ነው። ስለዚህ ቀነኒሳ «በቀለ» ይባላል። ልማዱ በለንደን ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ2012 በ10,000 ሜትር ፍጻሜ ተፈተነ፤ ታሪኩ በቀለ ሦስተኛ፣ ወንድሙ ቀነኒሳ አራተኛ ሆነው ገቡ፤ ሁለቱም «በቀለ» ናቸው። ጥሩነሽ፣ እጅጋየሁ እና ገንዘቤ ደግሞ ሁሉም «ዲባባ» ናቸው። በዚህ ጊዜ ኮሜንታተሩ ሳይወድ በግድ ወደ እኛ አጠራር ይመለሳል። አጠራሩ ሲበላሽም መፍትሔ አለው፤ ጥንቁቅ ኮሜንታተር ከውድድር በፊት የአትሌቶችን ስም አጠራር ይጠይቃል፣ ጽፎም ይይዛል፤ ቢቢሲም ለዚሁ ሥራ የተመደበ የአጠራር ክፍል አለው። የአትሌት ወኪሎች የተወዳዳሪያቸውን ስም በድምፅ ቀርጸው ለአስተላላፊዎቹ ቢልኩ ሥራው የደቂቃ ነው።