«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ የታቀፈችው ዶሮ ተኝታ አልነበረም

ባለፈው እሑድ አክስቴ ቤት ቡና ተጠራርተን ነበር። የአክስቴ ልጅ ሥራ ካጣ አራት ወር አልፎታል። ክፍሉን ዘግቶ ነው የሚውለው። መጋረጃው አይከፈት፣ ስልኩ ከእጁ አይወርድ፤ ቡና ደረሰ ሲሉት «በኋላ» ነው መልሱ። አንድ ዘመዳችን ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱና፣ «ተዉት ልጁን፣ አታስጨንቁት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ። ሁሉም «እውነት ነው» አለ። እኔ ግን ቡናው አልወርድልኝ አለ።

ዘመዳችን ክፉ አላሰቡም። ግን ይህ አባባል «ተኛ፣ ጊዜ ያነሳሃል» ማለት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

እንቁላል እንዴት እግር እንደሚያወጣ ያየሁት መንዝ፣ አያቴ ቤት ነው። እማማ ዶሮ ስታስታቅፍ ሥነ ሥርዓት ነበረው። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ታያለች። ጆሮዋ ሥር ነቅነቅ ታደርጋለች፤ ውስጡ የሚንቦጫረቀውን ወደ ጎን ትለየዋለች። ቁጥሩ ጎደሎ መሆን አለበት፣ 9 ወይም 11። አሮጌ እንቅብ ውስጥ የገብስ ጭድ ትጎዘጉዛለች። የመንዝ ብርድ አይቻልምና እንቅቡ ምድጃው የሚሞቅበት ጥግ ይቀመጣል። ከዚያ 21 ቀን ነው።

ሰው ይህን 21 ቀን ዝም ብሎ መቀመጫ ያደርገዋል። ቀርቦ ስላላየ ነው። አንድ ጠዋት እንቅቡ አጠገብ በሆዴ ተጋድሜ አየኋት። ምንቃሯን ደረቷ ሥር ሰደደችና አንዱን እንቁላል ሳብ አድርጋ ገለበጠችው። የዳሩን ወደ መሐል፣ የመሐሉን ወደ ዳር። ጥቂት ቆይታ ደግሞ እንደገና። ቀንም ሌሊትም ስትገለብጥ ነው የምትሰነብተው። ምክንያቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ እንቁላል ሳይገላበጥ ከቆየ ውስጡ ያለው ፅንስ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። ሙቀቱ ሳይጓደልበት ተጣብቆ ይቀራል።

ለራሷም ታውቃለች። በቀን አንዴ ትነሳለች። ትንሽ ጥሬ ትለቅማለች፣ ውኃ ትጎነጫለች፣ አመድ ላይ ተንከባልላ ላባዋን ታራግፍና ትመለሳለች።

ሌላ ዓይነት ዶሮም ነበረች። ሥሯ አንድ እንቁላል ሳይኖር፣ ባዶ ጭድ ላይ ላባዋን ነፍታ አልነሳ የምትል። አትበላ፣ አትጥል። እማማ እሷን «ቀስ በቀስ» ብላ አልተወቻትም። በነጠላዋ ጠቅልላ ጎረቤት ወሰደቻት። እዚያ የለመደችው ጥግ የለም፤ ጓሮው ሌላ፣ ዶሮዎቹ እንግዳ። ከጥቂት ቀን በኋላ ስትመለስ አፈር ስትጭር፣ ከልጆች ስትሯሯጥ አየናት። ሰንበት ብላም መጣል ጀመረች። በገጠር የታወቀ ዘዴ ነው።

አባባሉ ከእንዲህ ዓይነት ቤት ወጣ ባይ ነኝ። የበሬና የሞፈር ተረት የአራሾች ነው። ይሄ ግን የምድጃ ዳር ነው፣ ከሴቶች አፍ የተወለደ። ለልጅ የተሰጠ መልስም ይመስለኛል። እኔ በየጠዋቱ «ዛሬስ ወጣ?» እያልኩ እማማን ሳደርቃት የምትመልስልኝ ይህንኑ ነበር። ከእኔ በፊትም ስንት ልጅ ጠይቆ፣ ስንት አያት መልሳለች! ደግሞ ቃሉን እዩት። «ቀስ» ብቻ አይደለም፤ «ቀስ በቀስ» ነው፣ አንዱ ቀስ በሌላው ላይ ሲደረብ። ለእኔ ይሄ የምንቃሯ ነገር ነው፤ አንዴ ገልበጥ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ገልበጥ። «ቆይቶ ቆይቶ» ለማለት ቢፈልጉ እናቶቻችን ቃሉ አይጠፋባቸውም ነበር።

ዛሬ ግን ማንም ምንም ሳይገለብጥ «ቀስ በቀስ» እንላለን። መንገዱ ተቆፍሮ ሲቀር፣ ጉዳያችን ቢሮ ውስጥ ሲንከባለል። የከፋው ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ያሳዝነኛል። ፊቱን ታጥቦ መጋረጃውን እንዲከፍት፣ አልጋውን እንዲያነጥፍ፣ አንድ ጓደኛው ጋ እንዲደውል ማን ይንገረው? ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ የዶሮ ምንቃርም ትንሽ ነው። ጎረቤት መውሰዱንማ ጭራሽ ረስተነዋል።

ሁለተኛው ሳይቀዳ ተነስቼ በሩን አንኳኳሁ። «ስኳር አልቋል፣ ና አብረን እንግዛ» አልኩት። ዝም አለ። ቆሜ ጠበቅሁት። በነጠላ ጫማ ወጣ፤ ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው። ሱቁ አምስት ደቂቃ ነው፤ እኛ በላይኛው መንገድ ዞረን በሃያ ደቂቃ ደረስን። ስንመለስ ስኳሩን እሱ ያዘ፣ ስለ ኳስም ያወራኝ ጀመር።