ለበጎ አድራጎት የሚሸጥ ዘፈን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አደጋ በደረሰ ቁጥር ዘፋኞች ተሰባስበው ነጠላ ዜማ ያወጣሉ፣ እኛም እንገዛለን። የ77ቱ ረሃብ ጊዜ በስማችን የተዘፈነው ዓለምን ስላዳረሰ ነገሩ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ዓይነቱ ዘፈን የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም። በቅንነት የከፈለ ሰው ብሩ የት እንደገባ ሳያውቅ ሲቀር ያሳዝነኛል። አንድ በአንድ እንያቸው። የውጪዎቹን ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

«ዘፈኑን ከገዛሁ ብሩ በሙሉ ለተረጂው ይደርሳል»

አስቀድመው ካልተዋዋሉበት አይደርስም። ሙዚቀኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ለ77ቱ ረሃብ ያሰባሰቡትን የዘፋኞች ቡድን፣ የባንድ ኤይድን ዘፈን ኖቬምበር 25 ቀን 1984 ለንደን ውስጥ ሲያስቀርጹ ዘፋኞቹ የመጡት በነጻ ነው። ስቱዲዮውም አልተከፈለበትም። ሸክላው ሱቅ ሲገባ ግን እንደማንኛውም ዕቃ ታክስ ተጣለበት። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት መጀመሪያ ታክሱን አልምርም አለ። ጌልዶፍ በአደባባይ ሲሟገት ጊዜ መንግሥት የታክሱን ያህል ገንዘብ ለእርዳታው መልሶ ሰጠ።

ዛሬም ኦንላይን ሲሸጥ ያው ነው። ለምሳሌ ዘፈን የሚሸጥበት ድረ ገጽ ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ በመደበኛው 15 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ ማስተላለፊያው ወጪ ደግሞ ለብቻው ነው። ማስታወቂያው «ከትርፉ እንሰጣለን» የሚል ከሆነ፣ የሚሰጠው ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የተረፈው ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ገንዘቡ ይሰብሰብ፣ ወረቀቱ ይደርሳል»

ብዙ ዋጋ ያስከፈለው ይሄኛው ነው። ኦገስት 1 ቀን 1971 የቢትልስ አባል የነበረው ጆርጅ ሃሪሰንና ሕንዳዊው ሙዚቀኛ ራቪ ሻንካር ለባንግላዴሽ ስደተኞች ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ኮንሰርት አዘጋጁ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ቀረበ። ከመግቢያ የተገኘው ወደ 243 ሺህ ዶላር ለዩኒሴፍ ገባ። ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን ኮንሰርቱ ተቀርጾ የተሸጠበት አልበም ላይ ነበር። አዘጋጆቹ ከኮንሰርቱ በፊት ከታክስ ነጻ በሆነ ድርጅት በኩል ስላልተመዘገቡ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ያዘው። ሚሊዮኖች ዶላር ለዓመታት ታግዶ ቀረ። ስደተኛው የተራበው በ1971 ነው፤ ገንዘቡ ሲለቀቅ ዘመኑ አልፎ ነበር። ያዘገየው አስቀድሞ ያልተሟላው ወረቀት ነው።

«ለ77ቱ ረሃብ የዘፈኑት ነጮች ናቸው»

የአሜሪካኑን ዘፈን፣ «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን፣ ሐሳብ ያመነጨው ዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ ነው። ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ ጻፉት፣ ኩዊንሲ ጆንስ መራው። ሁሉም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሌሊት ሲቀረጽ፣ ስቲቪ ዎንደር ሁለት ኢትዮጵያውያት ሴቶችን ስቱዲዮ ድረስ ይዞ መጣ። ሴቶቹ ምስጋናቸውን ሲያቀርቡ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው አለቀሰ። በዚያው ሰሞን ካሜሩናዊው ሳክስፎን ተጫዋች ማኑ ዲባንጎ አፍሪካውያን ሙዚቀኞችን አሰባስቦ ለኢትዮጵያ ዘፈን አስቀርጿል። ዩሱ ንዱርና ሳሊፍ ኬይታ ነበሩበት። ይሄኛው እንዲህ መረሳቱ ይቆጨኛል።

«ገንዘቡ ሁሉ ለኢትዮጵያ መጣ፣ ከዚያ ለመሣሪያ ዋለ»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የአሜሪካኑ ዘፈን ገቢ 10 በመቶው እዚያው አሜሪካ ላሉ ረሃብተኞችና ቤት አልባዎች የተመደበ ነበር፤ ለአፍሪካ የተባለውም ሱዳንን የመሰሉ ሌሎች አገሮች ተካፍለውታል። የመሣሪያውን ወሬ በሰፊው ያናፈሰው በ2010 የቀረበ የቢቢሲ ዘገባ ነው። ቢቢሲ ራሱ በዚያው ዓመት የባንድ ኤይድ ገንዘብ ለዚያ ስለመዋሉ ማስረጃ እንደሌለው አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። በዚያ ጦርነት መሃል የማንም እርዳታ አልተነካም ማለቴ አይደለም። የባንድ ኤይድን ስም ለማንሳት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል።

«በስልኬ ደጋግሜ ከሰማሁት ረዳሁ»

ትንሽ ነው። ስፖቲፋይን በመሰሉ መተግበሪያዎች አንድ ሺህ ጊዜ መደመጥ በግምት ከ3 እስከ 5 ዶላር ያስገኛል፤ እሱንም ባለመብቶቹ ይካፈሉታል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ስፖቲፋይ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ከቀረጻው ምንም አይከፍልም። ዋሽንግተንም ሁን ዱባይ፣ መርዳት ከፈለግክ ዘፈኑን ግዛው፤ ወይም በቀጥታ ለድርጅቱ ላክ። ማጋራቱ ጥሩ ነው፣ ዘፈኑ ሌላ ገዢ ጋ ይደርሳል።

«ዘፋኙ ከፈቀደ አለቀ»

አላለቀም። እኛ አገር ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ቅንብሩ የሦስተኛው ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው፣ ለከዋኙና ለድምፅ ቀረጻ አሳታሚው ለየብቻ መብት ይሰጣል። ዘፋኙ ድርሻውን ቢለግስም የዜማውን ባለቤት ድርሻ መለገስ አይችልም። ስለዚህ ዘፈኑ ኦንላይን ከመጫኑ በፊት የሁሉም ስም፣ ስንት በመቶ እንደለገሰና እስከ መቼ እንደሆነ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይፈረም። ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሂሳብም በግለሰብ ስም ሳይሆን በድርጅቱ ስም ይሁን።